የአልጋ ቁራኛ ሲፈታ፦ የሶልት ሌክ ሲቲ ስምንት አልጋዎች

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። አንዱ ካልተፈታ ሌላውም አይፈታም። መነሳት ያቃተውን በሽተኛ «የአልጋ ቁራኛ» ስንል ያው ማሰሪያ አለበት። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቁራኛ ካለ የቆራኘ አለ ማለት ነው። ማነው እሱ?

ጥያቄው ዝም ብሎ አልመጣብኝም። አክስቴ ሰባዎቹን አጋምሳ አሜሪካ ልጇ ዘንድ ሳለች ኃይለኛ የሳንባ ምች ያዛት። ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል አይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ገባች። በአፏ ቱቦ ገብቶ ማሽን ይተነፍስላት ጀመር። ማሽኑ ነፍሷን አትርፏል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ሳምንቱን ሙሉ በማስተኛ መድኃኒት ደንዝዛ ተኛች። ጎኗን ያገላብጧታል፣ ያጥቧታል፣ በቃ። ልጇ «እግሯን ላፍታታላት?» ብላ ስትጠይቅ «ይተዋት፣ ትረፍ» ተባለች። እኛም ልክ ነው አልን። አገር ቤትስ ቢሆን የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ መቼ ይራመዳል?

ኋላ ነገሩን ሳነብና ሳጠያይቅ ነው የዩታዎቹን ታሪክ ያገኘሁት። በጣም የሚታወቅ ጉዳይ ነው፤ በሙያው ያሉ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። እኛ ቤተሰቦች ግን አናውቀውም። ብናውቅ ኖሮ ያን ሳምንት ዝም ብለን ባልተቀመጥን።

ዩታ ውስጥ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ ኤልዲኤስ የሚባል ሆስፒታል አለ። በ1905 የተከፈተ ነው። (ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚያ ውስጥ ስምንት አልጋ ብቻ ያላት፣ መተንፈስ ለተሳናቸው ጽኑ ሕሙማን የተለየች ክፍል ነበረች። ወደዚያች ክፍል የሚላኩት ሌላ አይሲዩ ውስጥ የሰነበቱ፣ ከአራት ቀን በላይ በቬንቲሌተር፣ ማለትም በመተንፈሻ ማሽን፣ ሲተነፍሱ የቆዩ ሰዎች ናቸው። ቀላሎቹ አይደሉም ማለት ነው። ቀላሎቹማ ቱቦው ወጥቶላቸው ወደ ዋርድ ወርደዋል። አማካይ ዕድሜያቸው 60ዎቹ ውስጥ ነበር። አያት የሚባልበት ዕድሜ ነው።

የዚያች ክፍል ሠራተኞች ለሌላው እብደት የሚመስል ልማድ አወጡ። በሽተኛው ከማሽኑ እስኪላቀቅ አይጠብቁም። ቱቦው አፉ ውስጥ እንዳለ ያስቀምጡታል፣ ያቆሙታል፣ ያራምዱታል። በቀን ሁለት ጊዜ። ግባቸውም አጭርና ግልጽ ነበር፦ ሰውየው ከክፍላችን ሲወጣ ከ100 ጫማ በላይ፣ ማለትም ከ30 ሜትር በላይ፣ ይራመድ። 30 ሜትር ለጤነኛ ሰው ከቤቱ በር እስከ ሰፈር ሱቅ እንኳ አያደርስም። ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ ለማያውቅ የ70 ዓመት ሰው ግን የእንጦጦ ዳገት ነው።

ውጤቱን በ2007 መጀመሪያ አሳተሙት። ጥናቱን በመሪነት የጻፈችው ፖሊ ቤይሊ ነርስ ናት። ይህን ሆነ ብዬ ነው የማነሳው። በሽተኛው አጠገብ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ነርስ ነው፤ ሰው ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደሚሟሽሽ ከዓይኑ ሥር የሚያየውም እሱ ነው።

እስቲ ወደ ቁጥሮቹ ከመሄዳችን በፊት ዝም ብሎ መተኛት ምን እንደሚያደርግ እንይ። ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የታሰረው።

በ2007 የወጣ አንድ ሌላ ጥናት ጤነኛ አዛውንቶችን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አዋላቸው። አማካይ ዕድሜያቸው 67 ነበር። ሕመም የለባቸውም፣ ይበላሉ፣ ያወራሉ። ሥራቸው መተኛት ብቻ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። እነዚህ ጤነኞች ናቸው! ኢንፌክሽን፣ ትኩሳትና የምግብ እጥረት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት። በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት አይሲዩ ውስጥ ያሉ ሰዎችን የጭን ጡንቻ በአልትራሳውንድ ለካ። በአሥረኛው ቀን ጡንቻው 17.7 በመቶ ሳስቶ ተገኘ። ወጣት ሰው ቢሳሳበት መልሶ ይሠራዋል። ሽማግሌ ግን መጀመሪያውኑ ያለው ለክፉ ቀን የሚተርፍ አይደለም። ከወንበር ለመነሳት የምታስፈልገው ያቺ ትንሽ ጉልበት ከሄደች ሄደች ነው፤ ከቤት ሽንት ቤት መሄድ ቀረ ማለት ነው።

ከእግርም የባሰ አለ። ደረትና ሆድን የሚለየው ዲያፍራም የሚባለው ጡንቻ ነው አየር የሚስብልን። ከተወለድን ጀምሮ አርፎ አያውቅም። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሲተነፍስልን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈት ይሆናል። በ2008 የወጣ ጥናት አእምሯቸው የሞተና አካላቸውን የለገሱ ሰዎችን ዲያፍራም መረመረ። ማሽን ላይ የቆዩት ከ18 እስከ 69 ሰዓት ብቻ ነው። ቢበዛ ሦስት ቀን። የጡንቻው ክሮች ግን በግማሽና ከዚያ በላይ ቀጥነው ተገኙ። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ይዞራል፦ መተንፈስ ስላቃተው ማሽን ገባለት፤ ማሽኑ ስለተነፈሰለት መተንፈሻው ሰነፈ፤ መተንፈሻው ስለሰነፈ ከማሽኑ መላቀቅ አቃተው። የጭንና የክንድ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ስምንቱ አልጋዎች እንመለስ።

ዝም ብለው ሰው እየጎተቱ አያስነሱም። ሦስት ነገር ያያሉ። አንደኛ፣ ሰውየው ሲጠሩት ይመልሳል? ዓይኑን ይገልጣል፣ ይነቀንቃል? ሁለተኛ፣ የሚሰጠው ኦክስጅን ከ60 በመቶ አይበልጥም? ማሽኑ ሳንባውን ከፍቶ ለመያዝ የሚጠቀምበት ግፊትስ በሴንቲሜትር ውሃ ሲለካ ከ10 አያልፍም? ሦስተኛ፣ ደም ግፊቱ እንዳይወርድ ደግፎ ለመያዝ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ላይ አይደለም? ቀና ሲል አይወርድበትም? እነዚህ ካለፉ ይነሳል። ካላለፉ ነገ ይታያል። «ዕድሜው ስንት ነው» የሚል መመዘኛ የለም። «ቱቦ አለው» የሚልም የለም።

የመጀመሪያውን መመዘኛ በደንብ ልብ በሉት። ሲጠሩት የማይመልስ ሰው አይራመድም። ስለዚህ ለማራመድ መጀመሪያ መቀስቀስ ያስፈልጋል። ለመቀስቀስ ደግሞ ያ በቀንና በሌሊት የሚንጠባጠበው ማስተኛ መቀነስ አለበት። ብዙ ቦታ ነገሩ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ይመጣል፣ በሽተኛው ተኝቷል፣ «አልነቃም» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። በማግስቱም እንዲሁ። አክስቴ መዝገብ ላይ ይህች ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈች ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጉዞው ራሱ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። በየትም ቦታ ቢሆን በደንብ ሲሠራ ወግ አለው። ከጉዞው በፊት በሽተኛው ማሽኑ ላይ በደንብ ያርፋል፤ ኦክስጅኑ ትንሽ ከፍ ይልለታል። በምግብ ቱቦው የሚገባው ምግብ ለጊዜው ይቋረጣል። የሽንት ከረጢቱ ከወገብ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። የመተንፈሻ ባለሙያዋ የአፍ ቱቦውን ትመለከታለች። ቱቦው ላይ በሴንቲሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ከንፈር ላይ ስንት እንደሚል ታያለች። ሲመለሱ ያው ቁጥር መሆን አለበት። ፕላስተሩን ጫን ጫን ታደርጋለች።

ከዚያ ጎኑን ያዞሩታል፣ እግሩን ከአልጋው ያወርዱታል፣ ቀና ያደርጉታል። እዚህ ላይ ይቆማሉ። አልጋ ላይ የከረመ ሰው ቀና ሲል ደሙ ወደ እግር ይወርድና ያዞረዋል። ግንባሩ ላብ ያወጣል። ነርሷ ግፊቱን ትለካለች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከዚህ አያልፍም፤ ይህም ራሱ ሥራ ነው። ጭንቅላትን ቀጥ አድርጎ መያዝ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ያወቀ ያውቀዋል።

ቀጥሎ መቆም። ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ ይታሰራል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ የሚይዘው ክንዱን ሳይሆን ያንን ነው። የሽማግሌ ክንድ ከተጎተተ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ፊት ለፊቱ ዎከር የሚባለው መደገፊያ አለ። የመተንፈሻ ባለሙያዋ በአንድ እጇ ቱቦውን ይዛ ተንቀሳቃሹን ማሽን ትገፋለች፤ ወይም በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ አየር እየሰጠችው አብራው ትራመዳለች። ነርሷ ሞኒተሩንና የግሉኮሱን ዘንግ ይዛለች። አራተኛው ሰው ከኋላ ዊልቸር ይዞ ጥላ ሆኖ ይከተላል። ይህ አራተኛ ሰው ምንም የሠራ አይመስልም። ግን በሽተኛው የሚደፍረው በእሱ ነው። ጉልበቴ ቢከዳኝ ከኋላዬ ወንበር አለ ብሎ ያስባል። ሰውየው አይናገርም፤ ቱቦው ከድምፅ አውታሩ መሃል ነው ያለው። በዓይኑና በእጁ ነው የሚግባባው። ኮሪደሩን የሚያቋርጥ ሁሉ ቆሞ ያያል። ሠርግ የሚያልፍ ይመስላል።

እንግዲህ ቁጥሩ። በኤልዲኤስ ጥናት ውስጥ 103 ሰዎች ነበሩ። በእነሱ ላይ 1,449 ጊዜ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ተደረገ። ከዚህ ውስጥ 233ቱ አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ 454ቱ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ 762ቱ መራመድ ነበር። ከግማሽ በላዩ መራመድ ነው። ቱቦው አፍ ውስጥ እያለ የተደረገው 593 ሲሆን ከዚያም 249ኙ የእግር ጉዞ ነበር።

አደጋውስ? ሁላችንም የምንፈራው ቱቦው ሾልኮ ይወጣል ብለን ነው። አንድም ሰው ላይ አልወጣም። በጉልበቱ የተንበረከከ አለ፤ አልተጎዳም። የምግብ ቱቦ የወጣበት አለ። ግፊቱ የወረደ፣ የወጣ፣ ኦክስጅኑ የቀነሰ አለ። ሁሉም ተደምሮ ከመቶ አንድ አልሞላም። በሕይወት ከክፍሏ ከወጡት ውስጥ ደግሞ 69.4 በመቶው ከ30 ሜትር በላይ ተራምደው ነው የወጡት። ምንም እንቅስቃሴ ሳያደርጉ የወጡት 2.4 በመቶ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ቆይ» ይላል። ማወዳደሪያ የለውማ! ሰዎቹ እንዲሁም ይራመዱ ነበር ይሆናል። ልክ ነው። ይህ ጥናት መራመድ አደገኛ እንዳልሆነ ያሳያል እንጂ እንደሚያድን አያረጋግጥም። ግን የዚያው ክፍል ሰዎች በ2008 ሌላ ጥናት አወጡ፤ እኔን የነካኝ እሱ ነው። ከሌሎች አይሲዩዎች የተዛወሩላቸውን 104 በሽተኞች ወሰዱ። ከመዛወራቸው በፊት ስንቱ ይራመድ ነበር? ከተዛወሩ በኋላስ? በሁለት ቀን ውስጥ የሚራመዱት ቁጥር በሦስት እጥፍ ጨመረ። ሰዎቹ ያው ናቸው። ሳንባቸው በሁለት ቀን አልታደሰም። የተለወጠው አልጋው የቆመበት ክፍል ነው። የተለወጠው ነርሷ ጠዋት ገብታ የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው፦ «ደህና አደሩ፣ ዛሬ የት ድረስ እንሄዳለን?»

ታዲያ የቆራኘው ማነው? ለዚህ በጣም ግልጹን መልስ ያገኘሁት ባልቲሞር ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ2007 አንድ አይሲዩውን ፈተሸ። እዚያ ለገባ በሽተኛ ሁሉ የሚሞላ የትዕዛዝ ፎርም ነበር። በእንቅስቃሴ ረድፍ ላይ ሐኪሙ ሌላ ካልጻፈ በቀር «አልጋ ላይ ይቆይ» የሚለው አስቀድሞ ተመርጦ ይመጣ ነበር። ማንም አስቦበት አልወሰነም። ፎርሙ ነው የፈረደው! እነ ዶክተር ዴል ኒዳም ይህን «በአቅሙ ልክ ይንቀሳቀስ» ወደሚል ለወጡት። ማስተኛው ቀኑን ሙሉ ከሚንጠባጠብ ይልቅ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲሰጥ አደረጉ። ለክፍሉ የራሱን ፊዚዮቴራፒስትና የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምድ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ቀጠሩ። ጥናቱ የያዘው 57 ሰው ነበር። በመሃል ላይ ያለ አንድ በሽተኛ የሚያገኘው የቴራፒ ቁጥር ከ1 ወደ 7 ወጣ። ቤንዞዲያዜፒን የሚባለው የማስተኛ ዘር የተሰጠባቸው ቀናት ከግማሽ ወደ ሩብ ወረዱ። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲተያይም አይሲዩ ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ በአማካይ በ2.1 ቀን አጠረ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ታሪኩ ሁሉ ማር አይደለም። በ2009 ቺካጎና አዮዋ ውስጥ የተሠራው ጥናት 104 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። በጊዜ እንቅስቃሴ ከጀመሩት 59 በመቶው ሆስፒታሉን ሲለቁ ራሳቸውን ችለው መኖር ቻሉ፤ ከሌሎቹ 35 በመቶው። ትልቅ ልዩነት ነው። ሁሉም ሰው ደስ አለው። ከዚያ በ2022 በአውስትራሊያ መሪነት በስድስት አገሮች 750 ሰው ያሳተፈ ትልቅ ጥናት ወጣ። የበለጠ የተንቀሳቀሱት ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አላገኙም። ይባስ ብሎ ከእንቅስቃሴው ጋር የተያያዘ ችግር የገጠማቸው 9.2 በመቶ ሲሆኑ ከሌላው ወገን 4.1 በመቶ ነበሩ። የልብ ምት መዛባት፣ የኦክስጅን መውረድ፣ የመሳሰለው።

ይህን ያነበበ «በቃ፣ ተረት ነበር» ሊል ይችላል። እኔ እንዲህ አላነበው። በዚያ ጥናት ሌላው ወገን ተኝቶ አልዋለም፤ በቀን ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይንቀሳቀስ ነበር። የበለጠ የተባለው 21 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ጥናቱ ያወዳደረው መንቀሳቀስን ከመተኛት ጋር አይደለም፤ ብዙ መንቀሳቀስን ከመጠነኛው ጋር ነው። ከመጠን በላይ ማስጨነቅ ጉዳት እንዳያመጣ ያስጠነቅቃል። አቅም ሳይመዘን ሽማግሌን ማንገላታት ደግነት አይደለም። የኤልዲኤሶቹ ሦስት ጥያቄዎች የተቀመጡት በከንቱ አልነበረም። ይህም ሆኖ አክስቴ ያን ሳምንት ያገኘችው 21 ደቂቃም ዘጠኝ ደቂቃም አልነበረም። ዜሮ ነው።

አይሲዩውን አልፈው ለሳምንታትና ለወራት ማሽን ላይ ስለሚቆዩት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ቱቦው ከአፍ ወጥቶ በአንገታቸው በኩል የሚገባላቸው ናቸው። ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ናቸው። ፊላዴልፊያ ያለው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ በ2005 ስለ 49 እንዲህ ያሉ ሰዎች ጽፏል። ሲገቡ ሁሉም የአልጋ ቁራኛ ነበሩ። መላ አካላቸውን የሚያሠራ ማገገሚያ ተሰጣቸው። የሚገርመው ነገር ከክንዳቸው ጋር የተያያዘ ነው። የክንድ ጉልበት በአምስት ነጥብ መለኪያ አንድ ነጥብ ብልጫ ያለው ሰው ከማሽኑ ለመላቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ ሰባት ቀን ያህል ያጠረ ነበር። ክንድና ትንፋሽ ምን አገናኛቸው? የትከሻና የደረት ጡንቻዎች ትንፋሽ ሲያጥር ረዳት ሆነው ይሠራሉ። ዳገት የወጣ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ ሲተነፍስ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ እሱ ነው።

ስለ አረጋውያን ከተነሳ አንዳንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ። መነጽር። ለጆሮ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ። ጫማ። አይሲዩ ሲገቡ እነዚህ በላስቲክ ታስረው ለቤተሰብ ይሰጣሉ። ከዚያ «አዛውንቱ ትዕዛዝ አይከተሉም» ይባላል። የሚሉትን ካልሰሙ፣ የሚያሳዩአቸውን ካላዩ እንዴት ይከተሉ?

ቋንቋማ የባሰ ነው። አይሲዩ ውስጥ ሰው አእምሮው መዛባቱን የሚለዩበት አንድ የታወቀ ፈተና አለ። ነርሷ የእንግሊዝኛ ፊደላትን አንድ በአንድ ትጠራለች፤ «ኤ» ስትል በሽተኛው እጇን መጨበጥ አለበት። የአክስቴ ልጅ አንድ ጠዋት ስትገባ ይህ ፈተና በእናቷ ላይ እየተካሄደ ነበር። ሀ ሁን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በማታ የቆጠረች ሴት ናት! «ኤስ፣ ኤ፣ ቪ» ሲሏት ዓይኗን አፍጥጣ ታያለች። ግራ ተጋብታለች ተብሎ ተጻፈ። መጋባትስ ተጋብታለች። አእምሮው ተዛብቷል የተባለ በሽተኛ ደግሞ ማስተኛ ይጨመርለታል፤ ማስተኛ የተጨመረለት አይነቃም፤ ያልነቃ አይራመድም። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታው ነው። በስልክም ይሁን በስክሪን። እኛ ይህን የጠየቅነው ዘግይተን ነው። በአማርኛ «እትዬ፣ የሚሰማሽ ከሆነ እጄን ጨበጥ አድርጊ» ስትባል ወዲያው ጨበጠች። አልለቅም ብላም አስቸገረች።

አገር ቤት ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮቪድ ሲገባ ወሬው ሁሉ ስለ ቬንቲሌተር ቁጥር ነበር። ስንት አለን፣ ስንት ይመጣል። ማሽኑ ላይ የወጣውን ሰው ማን ያስነሳዋል የሚለው ወሬ ውስጥ አልነበረም። ባለሙያ በበቂ ባልተገኘበት አራት ሰው ለአንድ በሽተኛ መመደብ ቅንጦት ይመስላል፤ አይፈረድም። ግን እኛ አንድ ሀብት አለን። አስታማሚ አለን። ዘመድ ኮሪደር ላይ ጋቢ አንጥፎ ያድራል። ያ ሰው ማሽን አይነካም፤ ቱቦ አይነካም፤ በራሱ ፈቃድም ማንንም አያስነሳ። ባለሙያው ካሳየው በኋላ ግን ቁርጭምጭሚት ማጠፍና መዘርጋት፣ ጣት ማፍታታት፣ «እስቲ እጄን ግፊው» ማለት ይችላል። ዊልቸር ይዞ ከኋላ መከተልም ይችላል። አራተኛው ሰው አለ ማለት ነው። ከጥንትም ነበረ፤ «ተኛ፣ እረፍ» እንዲል ብቻ ነው የተነገረው።

አክስቴ በመጨረሻ አንገቷ ላይ ቱቦ ተገጥሞላት ሌላ ሆስፒታል ተዛወረች። ከማሽን የማላቀቅ ሥራ የሚሠራ ነው። በሁለተኛው ቀን አንዲት ፊዚዮቴራፒስት መጥታ የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር ስለ ሳንባዋ አልነበረም። «ጫማዋ የታለ?» ነው ያለችው። ልጇ ከቤት ልታመጣ ሄደች።

በማግስቱ ጫማው ተደረገ። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አዞራት፤ ጠበቁ። ቁሚ ሲሏት ግን እምቢ አለች። ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ደከማት ብለው ሊያስተኟት ሲሉ ጀርባዋን በእጇ ነካ ነካ አደረገች። የሆስፒታሉ ልብስ ከኋላው ክፍት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ጀርባዋን ገልጣ ሰው ፊት ልትሄድ! ልጇ ገባት። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ነጠላ አውጥታ አለበሰቻት። የመተንፈሻ ባለሙያው የነጠላው ጫፍ ቱቦው ላይ እንዳይጠመጠም በጥንቃቄ ወደ ኋላ አሸጋገረላት።

ከዚያ ቆመች። አሥራ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ልጇ ቆጥራለች። በአሥራ ሁለተኛው ወንበሩ ከኋላዋ መጣላት።

በማግስቱ ጠዋት ሲገቡ ጫማዋን ራሷ ልታጠልቅ ስትታገል ደረሱባት። ነጠላው ትከሻዋ ላይ ነበር።